ቃልና ርትዕ በመተማ ቆላ

መተማ ዮሐንስና ገላባት በአንዲት ፈፋ ላይ በተሠራች ድልድይ የተገናኙ ሁለት ከተሞች ናቸው። ከፈፋዋ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ከፈፋዋ ወዲያ ሱዳን ነው። በሁለቱም ወገን አፈሩ ያው ጥቁር ዋልካ፣ ዝናቡ ያው ክረምት ብቻ የሚጥል የአንድ ወቅት ዝናብ፣ ሰብሉም ያው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ነው። ሕጉ ግን ይለያያል። አንድ ገበሬ ምርቱን አስቀድሞ ሸጦ ሳለ ያልተጠበቀ ታላቅ ለውጥ ደርሶ ግዴታው ከልክ በላይ ቢከብድበት፣ ከፈፋዋ ማዶ ያለው ዳኛ ውሉን መርምሮ ሸክሙን ሊያቀልለት ይችላል። በመተማ ያለው ዳኛ ግን ይህን እንዲያደርግ ሕጉ አይፈቅድለትም።

ልዩነቱ በአጋጣሚ የተፈጠረ አይደለም። በግለሰቦች ግንኙነት ላይ በሚሠራው ሕግ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲገፋፉ የኖሩ ሁለት መርሆዎች አሉ። አንደኛው ሰው በሰጠው ቃል ይታሰራል የሚለው ሲሆን፣ ያለ እርሱ ንግድም ሆነ ሥራ ሊቆም አይችልም። ሁለተኛው ርትዕ ነው፤ ይኸውም ቃሉ ሲፈጸም አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ያለ አግባብ የሚያበለጽግ ከሆነ ሕግ ዝም ብሎ ማየት የለበትም ይላል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የቆመ የሕግ ሥርዓት የለም። ጥያቄው ሚዛኑ ወዴት እንዲያጋድል ተደረገ፣ የተፈረደበትስ ወገን ምን መጠጊያ ተተወለት የሚለው ነው። ውል ጽፎ ሥራ ለሚረከበውና ለሚያስረክበው መሐንዲስም ጥያቄው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

የጠረፉ ገበያና የቀድሞው ሥርዓት

መተማ ከጎንደር ወደ ሱዳን በሚወርደው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ የተቆረቆረ የቆየ ገበያ ነው። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ከብት፣ በዚያ ዘመን ልማድም ባሪያ ሳይቀር እየወረደ፣ በአንጻሩ ጨርቃ ጨርቅና ሌላውም የውጭ ሸቀጥ ይወጣ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት የተክሩር ሼኾች በአንድ ወገን ለኢትዮጵያ፣ በሌላው ወገን ለግብፅ መንግሥት ግብር ይከፍሉ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉትና ወዲያው ያረፉት በዚሁ ስፍራ ሲሆን፣ ከተማዋም ስማቸውን ይዛለች። ከዚያ በኋላ በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውል ወሰኑን ስለ ወሰነ፣ አንዱ ገበያ በሁለት መንግሥታት ሥር ገባ።

በዚህ ዓይነቱ ገበያ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ነጋዴዎች በዱቤ እስኪገበያዩ ድረስ እንዴት ሊተማመኑ ቻሉ የሚለውን ለመረዳት የቀድሞውን የኢትዮጵያ የውል ልማድ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ልማድ ቃል የሚጸናው በመሐላና በዋስ ነበር። ተበዳሪው በንጉሥ ስም ይምላል፤ ዋስ ይጠራል፤ ቃሉ ቢታጠፍ ዋሱ ይያዛል። ዋስ ያጣ ሰው ተዋዋይ የመሆን ብቃቱ ራሱ ያጠራጥር ነበር። ስለዚህ የቃል መርሕ ጠባቂዎች መሐላውና ዋሱ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ርትዕ ደግሞ በሌላ እጅ ተይዞ ነበር። ሰብል ሲጠፋ ወይም ከብት ሲያልቅ ተበዳሪው ዕዳውን አይክድም፤ ሽማግሌ ይልካል እንጂ። ሽማግሌዎቹም ዕዳው የለም አይሉም፤ ጊዜ እንዲሰጥ፣ ከፊሉ እንዲማር፣ ቀሪው በሚቀጥለው መኸር እንዲከፈል ባለ ገንዘቡን ይለምናሉ። ከቤተ ክህነት ወገንም ፍትሐ ነገሥት አራጣን አጥብቆ ይከለክል ነበር። እንግዲህ የቀድሞው ሥርዓት ሁለቱን መርሆዎች በአንድ ዳኛ እጅ አላስቀመጣቸውም። ዳኛው ቃልን ያጸና ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ ቃሉን ያለሰልስ ነበር። በዚህ መከፋፈል ምክንያት የአንዱ መኖር የሌላውን አላፈረሰም።

የ1952 ዓ.ም. ሕግ ምርጫ

በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን የፍትሐ ብሔር ሕጉን የማርቀቅ ሥራ ለፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሰጠ። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ 3,367 ቁጥሮች አሉት። በቁጥር 3347 መሠረትም ሕጉ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ልማድ ተሻረ። የሽማግሌው እጅ በሕግ ፊት የነበረው ስፍራ የጠበበው በዚህ ጊዜ ነው።

አዲሱ ሕግ ስለ ውል የመረጠው መንገድ ግልጽ ነው። ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ ሆኖ እንደሚጸና ይደነግጋል። ቁጥር 1732 ውሉ በቅን ልቡና፣ በተዋዋዮቹ መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመንና በንግድ ልማድ እንዲተረጐም ያዛል። ቁጥር 1763 ግን ዳኛው ሕግ በግልጽ ከፈቀደለት ጉዳይ በቀር በርትዕ ምክንያት ውልን እንዳይለውጥ ይከለክላል። ቁጥር 1764 ይህንኑ ሲያጠናክር፣ የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ የአንዱ ወገን ግዴታ ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደ ጸና ይቆያል፤ ለውጡን ሊያስተካክሉ የሚችሉት ራሳቸው ተዋዋዮቹ በአዲስ ስምምነት ወይም በመረጡት የግልግል ዳኛ አማካይነት ነው ይላል።

ምርጫው ጨከን ያለ ቢመስልም ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለ ጊዜ በአገሪቱ የሕግ ፋኩልቲ ገና አልነበረም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። በሕግ ትምህርት የሠለጠነ ዳኛ በጣም ጥቂት በሆነበት አገር ውልን እንደ ርትዑ የመለወጥ ሥልጣን ለያንዳንዱ ችሎት ቢሰጥ፣ በአንድ ዓይነት ጉዳይ ላይ አሥር ዓይነት ፍርድ ሊያስከትል ይችል ነበር። ነጋዴ የሚፈልገው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የነገውን ማወቅ ነው።

የሕጉ ዝንባሌ ከፈረንሳይ የሕግ ታሪክ ጋርም ይዛመዳል። በ16ኛው መቶ ዓመት አዳም ደ ክራፖን የተባለ መሐንዲስ በደቡብ ፈረንሳይ የመስኖ ቦይ ቆፍሮ፣ ለገበሬዎች በተወሰነ መሬት ሦስት ሶል እየተከፈለው ውሃ ለማቅረብ ተዋዋለ። ሦስት መቶ ዓመታት ሲያልፉ የገንዘቡ ዋጋ እጅግ ስለ ወደቀ ክፍያው ለቦዩ ጥገና እንኳ አልበቃ አለ። የኤክስ ከተማ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክፍያውን ወደ 60 ሳንቲም ከፍ ቢያደርገውም፣ የሰበር ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1876 ፍርዱን ሻረ። ጊዜና ሁኔታ ምንም ያህል ቢለወጡ ዳኛ በተዋዋዮች ስምምነት ላይ የራሱን ርትዕ ሊተካ አይችልም የሚለው ደንብ በዚያው ጸና።

ሆኖም በዚያው በፈረንሳይ፣ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1916 የቦርዶ ከተማን የጋዝ ኩባንያ ጉዳይ ሲመለከት ሌላ መንገድ ያዘ። በጦርነቱ ምክንያት የድንጋይ ከሰል ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ በመጨመሩ፣ ኩባንያው በቀድሞው ዋጋ ብቻ እንዲቀጥል ቢገደድ ይከስርና ከተማው ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ሲባል ሸክሙ እንዲከፋፈል ተፈረደ። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለቱንም ደንቦች ወርሶ በሁለት ክፍል አስቀመጣቸው። በተራ ሰዎች መካከል ለሚደረግ ውል የቦዩን ፍርድ ወሰደ፤ የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች ለሚዋዋሉት ውል ደግሞ ከቁጥር 3183 ጀምሮ የጋዙን ኩባንያ ፍርድ ወሰደ። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ ያልታሰበ ነገር ደርሶ የውሉ ሚዛን ቢናጋ መንግሥትን ተጋራኝ ማለት ሲችል፣ በዚያው መንገድ ሰሊጡን የሚያጓጉዘው ገበሬ ግን ገዢውን እንዲህ ሊለው አይችልም።

ጎብጦ የተወለደ ውልና ኋላ የጎበጠ ውል

ይህ ማለት ግን ሕጉ ርትዕን ፈጽሞ አባረረ ማለት አይደለም። ለርትዕ የተወውን በር ለማየት አንድ ልዩነት መያዝ ይገባል፤ ሲደረግ ጎብጦ የተወለደ ውል አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ብሎ ተወልዶ ኋላ የጎበጠ ውል ሌላ ነገር ነው። መሠረቱ ሲጣል የተዛባ ግንብና ከተሠራ በኋላ ያልታሰበ ጭነት የወደቀበት ግንብ ሁለቱም ሊፈርሱ ይችላሉ፤ ተጠያቂው ግን አንድ አይደለም።

ለመጀመሪያው ዓይነት ሕጉ መድኃኒት አለው። በቁጥር 1710 መሠረት፣ የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘና ለሌላው እጅግ ያደላ ውል፣ ፍትሕ የሚያስገድድ ሲሆን ሊፈርስ ይችላል። ክሱ ግን ውሉ ከተደረገበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለብድርም ቢሆን ቁጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከ12 በመቶ የሚበልጥ ወለድ እንዳይስማሙ ገድቧል።

ለሁለተኛው ዓይነት የተተወው በር ጠባብ ነው። ቁጥር 1766 በተዋዋዮቹ መካከል በርትዕ እንዲተያዩ የሚያስገድድ የቤተ ዘመድ ወይም ሌላ ልዩ ግንኙነት ሲኖር ዳኛው ውሉን እንዲያሻሽል ይፈቅዳል። ቁጥር 1792 ደግሞ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ተዋዋዩን ፈጽሞ ያገደው እንደ ሆነ ከኀላፊነት ነጻ ያወጣዋል። ነገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር፣ ወይም ሥራውን ከባድ ያደረገ እንጂ የማይቻል ያላደረገ ነገር፣ ከአቅም በላይ አይባልም። በቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላ፣ የተፈጥሮ መዓትና ጦርነት በምሳሌነት ተጠቅሰዋል። ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር ወይም መውደቅ ግን ምክንያት እንደማይሆን ቁጥር 1794 ያስረዳል።

በሰሊጥ ዓመት ውስጥ ደካማው ማን ነው

የእነዚህ ቁጥሮች ትርጉም በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ የእርሻ ዓመት ላይ ሲቀመጥ ይገለጻል። ሐምሌ የአረም ወር ነው። ገበሬው ያለውን ገንዘብ ለትራክተርና ለዘር አውጥቶ ጨርሷል፤ ለአራሚ የሚከፍለው የለውም። መሬት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ወዲህ የማይሸጥ በመሆኑ፣ ወደ ገንዘብ ሊለውጠው የሚችለው ገና ያልደረሰውን ሰብል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ነጋዴ ይመጣና ለኅዳር የሚረከበውን ሰሊጥ በሐምሌ ዋጋ ቆርጦ ይገዛል። ለምሳሌ በሐምሌ 100 ብር ሰጥቶ በኅዳር 200 ብር የሚያወጣ ሰሊጥ ቢረከብ፣ ወረቀቱ ሽያጭ ይላል፤ ሒሳቡ ግን በአራት ወር መቶ በመቶ የሚወልድ ብድር ነው። ዳኛው በወረቀቱ ስም ከፈረደ ቁጥር 1731 ይሠራል። በነገሩ ባሕርይ ከፈረደ ግን ቁጥር 2479 እና ቁጥር 1710 በሩን ይከፍታሉ። የመርሆዎች ሚዛን ማለት በተግባር ይህ ነው።

ጥቅምት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው ከረጢት ተከፍቶ ስለሚረግፍ አጨዳው በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከደጋው የወረደው የቀን ሠራተኛ ይህን ያውቃል፤ ትናንት የተስማማበትን ዋጋ ዛሬ ከፍ ያደርጋል፤ ካልሆነም ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ሰብሉ በፊቱ የሚረግፍበት ባለ እርሻ በዚህ ሳምንት ደካማው ወገን እርሱ ነው። ያው ሠራተኛ ደግሞ በወባ ወይም በካላዛር ተይዞ ከወደቀ፣ ከዘመድ ርቆ በበረሃ ውስጥ ያለ ከሁሉም የባሰ ደካማ ይሆናል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሰሊጥ ዋጋ ከተወደደ፣ ሻጩ ያስረከበውን ቃል ትቶ ለሌላ ሊሸጥ ይፈተናል። ከውጭ አገር ገዢ ጋር የተዋዋለው ላኪም በሁለት ውል መካከል ይጨነቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። በቆላው እርሻ ደካማው ወገን በማዕረግ ወይም በሀብት የተወሰነ ሰው አይደለም፤ ከወር ወደ ወር ይለዋወጣል። ስለዚህ አንድን ወገን ብቻ ለይቶ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ደንብ በሐምሌ ፍትሕ ሆኖ በኅዳር በደል ሊሆን ይችላል። የሕጉ ልዩነት፣ ማለት ውሉ በተደረገባት ቀን ማን በማን ችግር ተጠቀመ ብሎ መጠየቁ፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥበብ ያለበት ነው። ጉድለቱ ግን ከውሉ ቀን በኋላ ለሚመጣው መከራ ምንም ያህል መልስ አለመስጠቱ ነው።

ከፈፋዋ ማዶ

የሱዳን ሕግ የሄደበት መንገድ የተለየ ነው። ሱዳን ለረጅም ጊዜ የእንግሊዝን የሕግ ልማድ ስትከተል ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ግንኙነቶች ሕግ፣ ጠቅላላ የሆነና ሊታሰብ የማይችል ልዩ ሁኔታ ደርሶ ግዴታው ተዋዋዩን ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጥ ሲሆን፣ ዳኛው ወደ ተገቢው ልክ እንዲመልሰው ፈቀደች። ይህ ደንብ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣው የግብፅ ሕግ ውስጥ የነበረ ነው።

ይሁን እንጂ የሱዳን ገበሬ እፎይ ያለው በዳኛው ሥልጣን ብቻ አይደለም። በገዳሪፍ አካባቢም ሰብሉን በችግሩ ጊዜ በርካሽ አስቀድሞ የሚሸጥበት፣ ሸይል የሚባል ልማድ ሥር የሰደደ ነበር። በእስልምና ሕግ የታወቀውን ሰለም የተባለ የቅድሚያ ክፍያ ሽያጭ መሠረት አድርገው የሱዳን ባንኮች ለገበሬ ገንዘብ መስጠት ሲጀምሩ፣ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ጨመሩ። በርክክብ ጊዜ የገበያው ዋጋ ከተዋዋሉበት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቢራራቅ የተጎዳው ወገን እንዲካስ ተስማሙ። ይህ አንቀጽ ልዩ ክብር ይገባዋል። ርትዕ ከዳኛ ችሎት ወጥቶ በውሉ ወረቀት ላይ፣ በቁጥር ተለክቶ ተጽፏልና። ቁጥር 1764 ይህን ዓይነቱን ስምምነት ለኢትዮጵያውያን ተዋዋዮችም አይከለክልም።

ፈረንሳይም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2016 የውል ሕጓን ስታሻሽል የክራፖንን ቦይ ደንብ ትታ፣ ሁኔታ ሲለወጥ ተዋዋዮች እንደገና እንዲደራደሩ፣ ካልተስማሙም ዳኛው እንዲገባ ፈቅዳለች። የኢትዮጵያ ሕግ ምንጩ ከተለወጠ በኋላም በቀድሞው ስፍራ ጸንቶ ይገኛል።

ሸክሙን አስቀድሞ ማከፋፈል

ኢትዮጵያ ውስጥ ለውጥ የመጣው በውል ሕጉ ሳይሆን በገበያው አደረጃጀት በኩል ነው። በ1996 ዓ.ም. ስለ መጋዘን ደረሰኝ ዐዋጅ ቁጥር 372 ወጣ፤ በ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 550 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቋመ፤ ምርት ገበያውም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሰሊጥ ወደዚህ ገበያ ሲገባ በመተማም መጋዘን ተከፈተ። ሰሊጡ ተመዝኖና ደረጃ ተሰጥቶት ይገባል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል፤ የሚሸጠውም ደረሰኙ ነው። ገንዘብ ሳይገባ ዕቃ፣ ዕቃ ሳይገባ ገንዘብ አይወጣም። የቀድሞው ዋስ ሥራ በመጋዘንና በሒሳብ መዝገብ ተተካ ማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ሰብልን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ የሚሆንበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

እነዚህ እርምጃዎች ቃል እንዳይታጠፍ ረድተዋል። ሰሊጡ መጋዘን ከመድረሱ በፊት ያለውን አደጋ ግን አልነኩትም። የሐምሌው ችግር በሐምሌ ነው፤ ደረሰኝ የሚገኘው በኅዳር ነው። ከዚህም በላይ የጠረፉ ሁኔታ አለ። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር በአልፋሽጋ አካባቢ ኢትዮጵያውያን ገበሬዎች ሲያርሱት የነበረውን መሬት ያዘ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን የገላባትን መተላለፊያ ዘግታ በሐምሌ ከፈተች። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ መተማም የስደተኞች መግቢያ ሆነች።

እንደዚህ ያለ መዘጋት በቁጥር 1793 መሠረት የመንግሥት ክልከላ ወይም ጦርነት ተብሎ ተዋዋዩን ነጻ ሊያወጣው ይችላል። ነገር ግን ቁጥር 1792 አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችለውን ነገር ያስወጣል። ድንበሩ በተደጋጋሚ በሚዘጋበት አገር የሚኖር ነጋዴ፣ ይዘጋል ብዬ አላሰብሁም ለማለት ምን ያህል ይችላል? ልምዱ በጨመረ ቁጥር መከላከያው ይሳሳል። አደጋን አብዝቶ ያየ ሰው በሕግ ፊት አነስተኛ ጥበቃ የሚያገኝበት ይህ ውጤት፣ ሁለቱ መርሆዎች በጠረፍ ላይ ሲመዘኑ የሚታይ እውነተኛ ችግር ነው።

መፍትሔው ቢያንስ ለጊዜው በሕጉ በራሱ ውስጥ ይገኛል። ቁጥር 1764 ዳኛውን ሲከለክል ተዋዋዮቹን አልከለከለም። ዋጋ ከዚህ ልክ ቢወጣ ወይም ቢወርድ ልዩነቱ እንዴት ይካፈላል፣ መተላለፊያው ከዚህ ያህል ቀን በላይ ቢዘጋ ርክክቡ የት ይደረጋል፣ ዝናብ ከዚህ መጠን በታች ቢሆን ምን ያህሉ ይቀነሳል፣ ባይስማሙስ ማን ይገላግላቸዋል የሚሉት ጥያቄዎች በሐምሌ ከተጻፉ በኅዳር ፍርድ ቤት አያደርሱም። የሥራ ተቋራጮች የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በውላቸው ውስጥ የሚያገቡት በዚሁ ምክንያት ነው። መሐንዲስ ጭነቱን የሚያሰላው ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ነውና፣ ይህ አስተሳሰብ ለሙያው እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን መሥሪያ ቤትና ተቋራጭ ውል የሚያረቅላቸው ባለሙያ አላቸው። በሐምሌ ከማሳው ዳር ቆሞ የሚፈርመው ገበሬ ግን የለውም። ሕጉ ሽማግሌውን ከስፍራው ሲያነሳ በምትኩ የውል ነጻነትን ሰጠው፤ ነጻነቱን የሚጠቀምበትን ዕውቀት ግን አልሰጠውም። ይህን ጉድለት የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሙያ ማኅበራት በአንድ ገጽ በሚነበብ፣ በግልጽ አማርኛ በተዘጋጀ የናሙና ውል ሊሞሉት ይችላሉ። እስከዚያው ድረስ ለዚህ ገበሬ የቀረው ዋነኛ መጠጊያ ቁጥር 1710 እና የሁለት ዓመቱ ቀነ ገደብ ነው፤ ለዚያም መኖሩን የነገረው ሰው ከተገኘ ነው።